ለሙከራ የተፈጸመ ጋብቻ

የጋብቻ ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱ ችኩል መሥሪያ ቤት አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን በደቂቃ የሚጨርሰውን ሥራ ለሰባት ሰው ኮሚቴ በመስጠት የታወቀ፣ እጅግ የተከበረ ቤት ነው።

ሰሞኑን ከባድ ጥርጣሬ ወደቀበት። በምዝገባው ፕሮግራም ሆድ ውስጥ ያለው ዳታቤዝ፣ ማለትም የመረጃ ቋቱ፣ ምንም እንዳይጻፍበት ለንባብ ብቻ ተከፍቶ ይሆን? እንዲያ ከሆነ ስክሪኑ «ተመዝግቧል» እያለ ያሰናበታቸው ሙሽሮች ሁሉ ሳይጋቡ ነው አብረው የሚኖሩት።

«ራሱን ዳታቤዙን በአንድ መስመር ብንጠይቀው አዎ ወይም አይደለም ይለናል፤ ምንም ሳንነካ» አለች የኮምፒውተር ባለሙያዋ።

«ተጠርጣሪ በራሱ ላይ መቼ መስክሮ ያውቃል?» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «በተግባር ይፈተን! ሁለት ሰው ይጋባና ይታያል።»

የሰባቱም ዓይን መዝጋቢው ላይ አረፈ። ምስኪን፣ ልብስ ሰፊ የሆነችውን እጮኛውን ሊያገባ አራት ቀን ብቻ ነው የቀረው። ልቡ እንቢ አለ፤ አፉ ግን አለቃ ፊት የለመደው እሺ ማለት ነው። ሙሽሪት እንዲሆኑ የተመረጡት ደግሞ ማኅተም ያዧ ናቸው፤ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሁሉም እትዬ የሚላቸው ሴት።

«ኧረ እባክዎ፣ ቢጻፍብኝስ?» አሉ እትዬ።

«አይጻፍም! ለንባብ ብቻ መሆኑን ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል፤ ተጻፈ። ፕሮግራሙ ተዘግቶ ቢከፈትም ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን እዚያው አሉ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። የሰባት ሰው ጥበብ ዳታቤዙ ጤነኛ መሆኑን አረጋገጠ።

«እንግዲህ ይሰረዝልኝ» አለ መዝጋቢው ላቡን እየጠረገ።

«ማስረጃ ይሰረዛል እንዴ?» ሥራ አስኪያጁ ደነገጡ። «ሪፖርቱ እስኪጸድቅ ማንም እንዳይነካው የዳታቤዙ ፋይል አሁኑኑ ለንባብ ብቻ ይሁን!»

ሆነም። ትናንት ጥርጣሬ የነበረው ዛሬ በደብዳቤ እውነት ሆነ፤ ማኅተሙንም እትዬ በገዛ እጃቸው መቱበት። ሪፖርት የሚጸድቀው በሦስት ወር ነው።

ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ የራሷን ቬሎ በክንዷ እንደያዘች በመስኮቱ ብቅ አለች። መዝጋቢው እየተንተባተበ ሁሉንም ነገራት። እሷም ቬሎውን መስኮቱ ላይ አኖረች።

«እሺ ለማለት ስንት ጊዜ ፈጀብህ?»

«ኧረ ወዲያው ነው። አለቃ ናቸው እኮ!»

«እኔ ስጠይቅህ ግን አምስት ዓመት ሙሉ ‹ላስብበት› ነበር ያልከኝ።»