ሃያ ስምንቱ ዋት የት ገባ?

ሐበሻ ባለበት ሰፈር ሁሉ አንድ የማያምን ሰው አይጠፋም። በፈጣሪ አላልኩም፤ እሑድ እሑድ ከሁላችንም ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው እሱ ነው። የማያምነው ሚዛንን፣ ሰዓትንና ቴርሞሜትርን ነው። ነርሷ «ግፊትህ መቶ ሠላሳ ነው» ስትለው «በየትኛው ማሽን?» ይላል። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰው የለም የምትሉ ካላችሁ፣ ምናልባት ሰውየው ራሳችሁ ናችሁ።

የኛው፣ እዚህ አሜሪካ የፌርፋክስ ሰፈሩ፣ ክቡር ሊቀ ሚዛን ምንይሉ ይባላል። ዳውንታውን የፓርኪንግ ማናጀር ነው፤ ሊቀ ሚዛንነቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። መመሪያው አጭር ነው፦ «አንድ ምስክር ምስክር አይደለም።» አንድ ቀን ሬስቶራንት ገብተን ሁለት ፓውንድ ጥሬ ሥጋ አዘዝን። ሥጋው ሲመጣ ሰውዬው ከጃኬቱ ኪስ የሻንጣ መመዘኛ አውጥቶ ሥጋውን በፌስታል አንጠለጠለው! ያችን አገር ቤት ስንሄድ ሻንጣ የምንመዝንባትን እኮ ነው። በስመ አብ! አስተናጋጇ ደርቃ ቀረች፤ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ደግሞ ልክ ሆኖ ሲያገኘው አይደሰትም። «መመዘኛዋ ባትሪ ደክሟት ይሆናል» አለ።

ብስክሌት ሲጀምርማ ለየለት። ቅዳሜ ቅዳሜ እስከ ሳንታ ሞኒካ ባሕር ዳር ይነዳል፤ ስንት ማይል ሄድክ ብትሉት ግን ይቆጣል። «ማይልን ነፋስ ይረዳዋል፣ ቁልቁለት ይረዳዋል። ዋትን ግን ከእግርህ በቀር የሚረዳው የለም» ይላል። ዋት የሚለው እግሩ ፔዳሉን የሚገፋበትን ኃይል ነው፤ እሱን የሚቆጥር መለኪያ ግራ ፔዳሉ ላይ አስገጥሟል። አንድ ምስክር ምስክር ስላልሆነ ደግሞ ስማርት ትሬነር የሚሉትን ገዛ። የብስክሌቱን የኋላ ጎማ አውልቀህ ትሰካበታለህ፣ ሳሎንህ ውስጥ ሳትነቃነቅ ትነዳለህ፣ እሱም በራሱ መንገድ ዋትህን ይነግርሃል።

በ2017 የኔ ልብ በኦፕራሲዮን ተከፈተ። የተዘጋውን የደም ሥር ለማለፍ ከቀኝ እግሬ ሌላ ሥር መዘው ቀጠሉልኝ። ከወር በኋላ ሐኪሜ «ቤትህ ውስጥ ብስክሌት መንዳት ትችላለህ፤ ለስድስት ሳምንት ግን ከመቶ ዋት እንዳታልፍ፣ ልብህ ገና አልጠናም» አለኝ። ይህን ለምንይሉ መንገር አልነበረብኝም። በማግስቱ ጠዋት ብስክሌቱንና ትሬነሩን ተሸክሞ፣ ሊፍት በሌለበት ሦስተኛ ፎቅ ወጥቶ በራችንን አንኳኳ።

«ሐኪሙ መቶ ዋት ያለህ በየትኛው መለኪያ ነው?» አለኝ፣ ሰላም እንኳ ሳይለኝ።

«ስንት ዓይነት ዋት አለ ደግሞ?»

«እሱን አሁን እናያለን። ብስክሌቱ ላይ ውጣ!»

ወጣሁና ቀስ ብዬ መንዳት ጀመርኩ። ትሬነሩ ዘጠና አለ። ምንይሉ ጎንበስ ብሎ የፔዳሉን ቁጥር ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ውረድ! ዘለቀ፣ ውረድ ብዬሃለሁ!»

ባለቤቴ ዕንቁ የሞትኩ መስሏት እየጮኸች ከኪችን ወጣች። ፔዳሉ መቶ አሥራ ስምንት ይላል። ያው ሰው፣ ያው ብስክሌት፣ ያው ደቂቃ፤ የሃያ ስምንት ዋት ልዩነት! ትሬነሩ እውነት ከተናገረ ደህና ነኝ። ፔዳሉ እውነት ከተናገረ ግን የተሰፋ ልቤን ልበጥሰው ነው።

«ትንሽ ዝግ ብዬ ብነዳስ?» አልኩት።

«በማይታመን ማሽን? ልብህ ነው እኮ! የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ምርመራው ተጀመረ። መጀመሪያ ሁለቱንም ዜሮ ላይ መልሶ ካሊብሬት አደረገ፤ አልረካም። ፔዳሉን ለመፈተን ክብደቱ የታወቀ ነገር ማንጠልጠል ያስፈልጋል አለ። ሐበሻ ቤት ክብደቱ የታወቀ ነገር ምን አለ? ጤፍ! እትዬ ወሰንየለሽ ሱቅ ሄዶ ሃያ አምስት ፓውንድ የተጻፈበት ያልተከፈተ ከረጢት አመጣና ግራ ፔዳሉ ላይ በገመድ አንጠለጠለው። ዕንቁ ከበሩ ሥር ቆማ «ይሄ ሰውዬ ጤነኛ ነው ግን?» አለችኝ በሹክሹክታ።

ፔዳሉ ሃያ ሦስት ተኩል አለ።

«ባሰ!» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። «ፔዳሉ አሳንሶ ነው የሚናገረው! እስከ መቶ ሃያ አምስት ነድተሃል ማለት ነው!»

ዕንቁ «እግዚኦ!» ብላ ወንበር ላይ ዘጭ አለች። እኔም ሳላስበው እጄን ልቤ ላይ አደረግሁ። ደግነቱ ሊቀ ሚዛን የጤፍ ከረጢትንም አያምንም። ከረጢቱን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ሚዛኑ የካውንቲው መንግሥት ማኅተም ያለበት ሥጋ ቤት ገሰገሰ። ሚዛኑ ምን ቢል ጥሩ ነው? ሃያ ሦስት ተኩል! ፔዳሉ እውነተኛ ነው፤ ጎዶሎው ጤፉ ነው። ወይ ጉድ! እትዬ ወሰንየለሽ «እኔ እንደመጣልኝ ነው የምሸጠው፣ ማርያምን!» ብለው ማሉ። በዚያ ሳምንት የጤፍ ከረጢቱን ተሸክሞ ሥጋ ቤት ያልተሰለፈ የፌርፋክስ ሰው የለም።

ቀጥሎ ተከሳሹ ትሬነሩ ሆነ። ምንይሉ ራሱ ወጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ነዳ፤ ምንጣፋችን በላቡ ራሰ። ፔዳሉ መቶ ዘጠና፣ ትሬነሩ መቶ ሰማንያ ሰባት። «ሦስቷን ሰንሰለቱ በልቷታል፣ ያለ ነገር ነው» አለና ፊቱን በፎጣ ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ።

«ሁለቱም እኔ ላይ ተስማምተዋል። የሚጣሉት አንተ ላይ ብቻ ነው። ሶ፣ ውሸታሙ አንተ ነህ።»

«አሁንስ አበዛኸው!» አልኩ። እውነቴን ነው፣ ከነብስክሌቱ ላስወጣው ምንም አልቀረኝም ነበር።

እሱ ግን አልሰማኝም። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ግራ ፔዳሉን ሲያይ፣ ሲያይ ቆየና ብድግ አለ። ለካ ያ መለኪያ የሚያውቀው ግራ እግርን ብቻ ነው። ቀኙን አይቶት አያውቅም፤ «ቀኙም ያው ነው» ብሎ የግራውን በሁለት ያባዛል። ምንይሉ ይህን ከገዛበት ቀን ጀምሮ ያውቃል፤ የራሱ እግሮች እኩል ስለሆኑ ግን ትዝ ብሎት አያውቅም። የትኛውንም ሚዛን የማያምነው ሰው፣ የሰው ሁለት እግር እኩል ነው የሚለውን ብቻ ሳይመረምር አምኖ ኖሯል። በራሱ እንዲህ ሲደነግጥ አይቼው አላውቅም።

«ግራህ ሃምሳ ዘጠኝ ነው» አለኝ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «ቀኝህ ሠላሳ ቢሆን ነው። ቀኝ እግርህ ምን ሆኗል?»

«ምንም።»

«ዘለቀ!»

«ምንም አልሆነም አልኩህ እኮ!»

እናንተንም ደብቄያችኋለሁ፤ አትቀየሙኝ። ቀኝ እግሬን ካመመኝ ሳምንት አልፎት ነበር። ለዕንቁ ትንፍሽ አላልኩም፤ ከሐኪሙ ቢሮ ደውለው ሲጠይቁኝም «ፋይን» ብያለሁ። ያ የሆስፒታል አልጋ ላይ ተመልሼ መተኛት ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ምንይሉ ፈቃዴን አልጠየቀም። ተንበርክኮ የቱታዬን እግር ወደ ላይ ሰበሰበው። ባቴ አብጦ ቆዳው ያብለጨልጫል። ዕንቁ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም? አንተ ጨካኝ!» ብላ አለቀሰች።

ሆስፒታል ያደረሰን ምንይሉ ነው። ከጉልበቴ በታች ደም ረግቶ ተገኘ። «ከዚህ ቢቆይ ወደ ሳንባው ሊሄድ ይችል ነበር» አለ ዶክተሩ። ለካ ወደ ሞቴ በብስክሌት እየነዳሁ ኖሯል፣ ያውም ከመቶ ዋት በታች።

ከዚያ ዶክተሩ ወደ ምንይሉ ዞሮ «መድኃኒቱን ጀምረንለታል፤ ደህና ይሆናል» አለው። እኔ ገና ከአሁኑ አፈርኩ፤ የተነሣውን የእግሩን ምስል አሳየኝ ሊል ነው፣ ሌላ ሐኪም ይጠራልኝ ሊል ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ምንም አልጠየቀም። ፈረንጁን ዶክተር በአማርኛ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለውና፣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ይህ ሰው የሰው ቃል ሳይመረምር ሲቀበል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ምን ያህል ፈርቶልኝ እንደነበረ የገባኝም ያኔ ነው።