ባነሩን የሰፉት ሟች

የዘመናዊ ሴት ገጣሚያን አድናቆት ምሽት አዘጋጅ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ
ቦታ፦ የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣ የተሰበሩ ወንበሮች የሚጠራቀሙበት ክፍል (ያልተሰበሩት አምስት ብቻ ናቸው)
ሰዓት፦ 8፡00 ተብሎ 9፡00

የተገኙ፦
1. ሰብሳቢው፣ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር
2. ጠበቃው
3. ዜና አንባቢው፣ በድምፁ ምክንያት «ነጎድጓድ» የሚባለው
4. የምክትል ሰብሳቢው ኮት
5. ጸሐፊዋ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፤ የኮሚቴው ብቸኛ ሴት፤ «ጽሕፈትሽ ያምራል» ተብላ የተመረጠች

ምልዓተ ጉባኤ፦ የኮሚቴው አባላት ዘጠኝ ሲሆኑ ለመወሰን አምስት ያስፈልጋል። ምክትል ሰብሳቢው «መጣሁ፣ አንዴ ስልክ ላናግር» ብሎ ኮቱን ወንበሩ ላይ ትቶ ወጥቷል። ጠበቃው፣ ኮቱን ትቶ የሄደ ሰው የመመለስ ሐሳብ ስላለው እንደተገኘ ይቆጠራል ሲል አስረድቷል። ከረጅም ውይይት በኋላ ኮቱ አምስተኛ አባል ሆኖ እንዲቆጠር፣ ከወንበሩም እንዳይነሳ ተወስኗል።

አጀንዳ አንድ፦ ስለ ባነሩ

ባነሩ ጠርዙ ተሰፍቶ መምጣቱን ሰብሳቢው በደስታ ገልጸዋል። ይሁን እንጂ ያመጡት ልብስ ሰፊ አስረክበው በመሄድ ፈንታ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ምን እንደፈለጉ ሲጠየቁ፣ ባነሩ ላይ «በአጭር የተቀጨችው ገጣሚ ስትታወስ» የተባለላት ገጣሚ እሳቸው መሆናቸውን ተናግረዋል። ስማቸው ጋ ሲደርሱ የስፌት መኪናውን አቁመው መጀመሪያ ደንግጠው፣ ቀጥሎ ስቀው፣ ሥራ ነውና ጨርሰውት መምጣታቸውን አስረድተዋል።

ነጎድጓድ «ወይ ጉድ!» ብሏል። ይህ እንዳይጻፍለት ጠይቋል።

ሟች መሆናቸው በምን ተረጋገጠ ለሚለው ጥያቄ ሰብሳቢው ሲመልሱ፣ ከመጀመሪያው መጽሐፋቸው በኋላ ድምፃቸው ስለጠፋ ኮሚቴው የመሰለውን መገመቱን ገልጸዋል። ጸሐፊዋ፣ ወንድ ገጣሚ ሃያ ዓመት ዝም ሲል «ትልቅ ሥራ ላይ ነው» ተብሎ እንደሚጠበቅ ጠቅሳ፣ ለሴቷ ግን እንዴት ወዲያው ባነር እንደሚታዘዝ ጠይቃለች። ጸሐፊ ይጽፋል እንጂ አይጠይቅም ተብላ ወደ መጻፏ ተመልሳለች።

እንግዳዋ መታወቂያቸውን አውጥተው አሳይተዋል። ጠበቃው መታወቂያው የሚያረጋግጠው በተሰጠበት ቀን በሕይወት እንደነበሩ ብቻ መሆኑን አብራርቷል።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ ባነሩ አንዴ ስለታተመና ስፌቱም እጅግ ስላማረ ባለበት እንዲሰቀል በአራት ድጋፍ ተወስኗል። ኮቱ ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል። ጸሐፊዋ እጇን አላወጣችም፤ ከአራቱ ደጋፊዎች አንዷ ተብላ ግን ተቆጥራለች።

አጀንዳ ሁለት፦ ስለ ህሊና ጸሎቱ

ነጎድጓድ ሟቿ እፊታችን ቆመው የህሊና ጸሎት ማድረግ እንደሚከብደው ገልጿል። ሰብሳቢው ፕሮግራሙ ታትሟል ብለዋል። ጠበቃው አስታራቂ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ እንግዳዋ ከታዳሚው ጋር ተነስተው ለራሳቸው እንዲጸልዩ፣ በጸሎቱም ጊዜ ፈገግ እንዳይሉ ጠይቋል። ተወስኗል።

እንግዳዋ እስከዚህ ሰዓት ቆመው ነበር። ጸሐፊዋ ኮቱ ተነስቶ እንዲቀመጡ ብትጠይቅም «ምልዓተ ጉባኤውን ልታፈርሺው ነው እንዴ?» ተብላለች። ወንበሯን ስትለቅላቸው ደግሞ «አንቺ ጻፊ ልጄ፣ እኔ መቆም ለምጃለሁ» አሏት። ጸሐፊዋ በዚህ አፍራለች፤ ሌላ ያፈረ አልታየም።

አጀንዳ ሦስት፦ ግጥሙን ማን ያንብብ?

ነጎድጓድ እንዲያነብ ቀድሞ የተያዘ ጉዳይ ነው። ሰብሳቢው፣ የሴት ግጥም ወፍራም ድምፅ ሲያገኝ ክብደት ይጨምራል ብለዋል።

በዚህ ጊዜ እንግዳዋ፣ «ጋሼ፣ ባነሩንም ስቀሉት፣ ጸሎቱንም አድርሱት፤ አንድ ነገር ብቻ ልለምን፣ ራሴ ልበለው» ብለዋል። ዝም አሉ ከተባለበት ጊዜ ጀምሮ አንድም ቀን መግጠም እንዳላቆሙ አስረድተዋል። ሦስት ልጆች ያሳደጉት በዩኒፎርም ስፌት ነው። እጃቸው ጨርቅ፣ እግራቸው መርገጫው ላይ ስለሚውል ግጥሙን በቃላቸው ይይዙታል፤ ወረቀት ላይ የሰፈረ የለም። «አሁን አሁን እየጠፋብኝ ነው» ብለዋል። «ባለፈው ሳምንት አንዱ መሐሉ ጠፍቶኝ ሌሊቱን አለቀስኩ። አንድ ሰው ከአፌ ሳይሰማው ይዤው ልሂድ?»

ጠበቃው በሰነድ ያልተደገፈ ግጥም ሊቀርብ እንደማይችል ገልጿል። ሰብሳቢው፣ ከአጀንዳ ውጭ ስለሆነ እንግዳዋ ቢናገሩም እንዳይመዘገብ አዘዋል። እንግዳዋ አልጠበቁም። እንዳይመዘገብ የታዘዘው የሚከተለው ነው፦

ልጄ ሲተኛልኝ ብዕር አነሳሁኝ፣
ልጄ ሲነቃብኝ ቃሎቼን ረሳሁኝ፤
ልጄም አድጎ ሄደ፣ ቤቱ ባዶ ቀረ፣
ያ የረሳሁት ቃል በሩን ቆረቆረ።

ነጎድጓድ ይህን እሱ ሊያነበው እንደማይችል በቀጭን ድምፅ አስታውቋል። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ እናታቸውን ማስታወሳቸውን ተናገሩ፤ ከዚያም ማንንም ሳያስፈቅዱ ተነስተው ኮቱን ከወንበሩ አንስተው ሚስማር ላይ ሰቀሉት። «ይቀመጡ እህቴ» ብለዋል። «ሌላም አለ አይደል?»

እንግዳዋ ተቀምጠዋል።

የመጨረሻ ውሳኔ

ጠበቃው፣ ኮቱ በመነሳቱ ምልዓተ ጉባኤው መፍረሱን፣ ስለዚህም ከመክፈቻው ጀምሮ የተወሰነው ሁሉ ዋጋ እንደሌለው እያዘነ አሳስቧል። በዚህ መሠረት ባነሩ፣ የህሊና ጸሎቱ፣ የነጎድጓድ ንባብና የእንግዳዋ ሞት በሙሉ ድምፅ ተሽረዋል። ጸሐፊዋ በዚህኛው እጇን አውጥታለች፤ ሁለቱንም።

ስብሰባው 11፡00 ላይ ተዘግቷል። ከወንበሩ የተነሳ ሰው ግን የለም። እንግዳዋ ሁለተኛውን ቀጠሉ፤ ጸሐፊዋ ከዚህ ጀምሮ የጻፈችው ግጥሞቹን ብቻ ሲሆን፣ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል። አራተኛው ላይ ምክትል ሰብሳቢው ኮቱን ሊወስድ ገብቶ «ማን ናቸው?» ሲል፣ ነጎድጓድ በሹክሹክታ «ዝም በል፣ ገጣሚዋ ናቸው» ብሎታል። ወንበር ስላልነበረ ቆሞ ነው ያዳመጠው።