የወንዳወቅን መስታወትና የንግሥቴን ወፍጮ ለማስታረቅ የተቋቋመው ኮሚቴ ውሎ

ቀን፦ ታኅሣሥ 12 ቀን 2004 ዓ.ም. (አባላት አጨዳ የማይወጡበት ቀን ተፈልጎ የተመረጠ)

ቦታ፦ ቡሬ፣ የአቶ ወንዳወቅ ፀጉር ቤት (የቀበሌው አዳራሽ በአንድ ለአምስት ግምገማ ስለተያዘ)

የተገኙ፦
አቶ አድማሴ፣ ሰብሳቢ፣ ባርኔጣቸውን እንደደፉ
መሪጌታ ይርሳው፣ የሀገር ሽማግሌ
መምህር ቴዎፍሎስ፣ የፊዚክስ አስተማሪ
አቶ ወንዳወቅ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ከሳሽ
ወ/ሮ ንግሥቴ፣ የጎረቤቱ ወፍጮ ባለቤት፣ ተከሳሽ
ያምሮት፣ ጸሐፊ

አቶ ንብረት ቀብር ሄደዋል። ጋቢያቸው ግን ወንበር ይዞ ስለቆየ ምልዓተ ጉባኤ መሙላቱ ተረጋግጧል።

አጀንዳ 1፦ አቤቱታ

አቶ ወንዳወቅ ወፍጮው ሲነሣ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ጋር መስታወቱ እንደሚንቀጠቀጥ፣ ደንበኛው ባለ ሁለት ራስ ሆኖ እንደሚታያቸውና የትኛውን መላጨት እንዳለባቸው እንደሚቸገሩ አስረዱ። የጥር ሙሽሮችም ወደ ፍኖተ ሰላም እየሸሹ መሆኑን አከሉ። ወ/ሮ ንግሥቴ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚሁ ወፍጮ መሆኑን ገልጸው፣ «መስታወት እህል አይፈጭ!» አሉ። አቶ ወንዳወቅ የመለሱት ለቃለ ጉባኤ የሚሆን አይደለም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፣ መፍትሔ ከተገኘ ወፍጮው እንዲቆይ፣ ካልተገኘ ጥር ሳይገባ ከከተማው እንዲነሣ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ሳይንሳዊ መፍትሔ

መምህር ቴዎፍሎስ ከተበላሹ የቻይና መጫወቻዎች ያወለቋቸውን የሚጮሁ ስስ ሳህኖች አሳዩ። ሳህኑ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጭ፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ደግሞ እንደሚሳብና እንደሚኮማተር አስረዱ። ስለዚህ አንዱ የግድግዳውን ንዝረት ሲሰማ ሌላው በተቃራኒው ይገፋል፤ ንዝረትም በንዝረት ይጠፋል። መሪጌታ ይርሳው ይህ እሾህን በእሾህ መሆኑን ጠቅሰው ደገፉ።

መምህሩ በውጭ አገር ኮከብ የሚያዩ ሊቃውንት በብዙ እንዲህ ያሉ ሳህኖች መስታወታቸውን እያጎበጡ የአየሩን መዋዠቅ እንደሚያርሙም ተናገሩ። አቶ አድማሴ መስታወት ከጎበጠ ከሲታውን ወፍራም አድርጎ ማሳየት ይችል እንደሆነ ጠየቁ። እንደሚችል ሲነገራቸው የልማት ሠራዊቱ እንዲጠቀምበት ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ ለጊዜው በይደር ተይዟል።

አጀንዳ 3፦ ሙከራ

ሳህኖቹ ከመስታወቱ ጀርባ ተለጥፈው ከሬዲዮ ድንጋይ ጋር ተገናኙ። መስታወቱ ንቅንቅ አላለም። ተጨበጨበ። አቶ ወንዳወቅ መምህሩን አቅፈው ሳሙ። ወፍጮው በቦታው እንዲቆይ፣ ሳህን ለየፀጉር ቤቱ እንዲታደል፣ የምሥጋና ወረቀት እንዲጻፍ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጋቢውም እንደደገፈ ተቆጥሯል።

ልዩ ልዩ

ወ/ሮ ንግሥቴ ሳያጨበጭቡ መቆየታቸው ታይቶ ተጠየቁ። እንዲህ አሉ፦ «እኔስ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር። ግን በሚካኤል ቀን አልዋሽም። ዛሬ ወፍጮው መች ተነሣና? ሚካኤል ነው፤ ዘግቼ ነው የመጣሁ።»

መምህር ቴዎፍሎስ ሳህኖቹን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመሩ። መሪጌታ ይርሳው ቀኑን እሳቸው ራሳቸው እንደመረጡ አስታውሰው ጢማቸውን ያዙ። በአጀንዳ 1 ውሳኔ መሠረት ወፍጮው ከከተማው ሊነሣ ነው። ጸሐፊዋም ብዕሯን አስቀመጠች፤ ይህን መጻፍ አልፈለገችም።

በዚህ ጊዜ አቶ ወንዳወቅ ተነሥተው፣ «ዝም ቢሉ ማን ያውቅባቸው ነበር?» ብለው አቤቱታቸውን ማንሣታቸውን ገለጹ። እህል በሚፈጭበት ሰዓት ራስ እንደማይነኩ፣ ደንበኛም ወፍጮው እስኪቆም ተቀምጦ እንደሚጠብቅ አከሉ። ወ/ሮ ንግሥቴ በነጠላቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ስለዚህ ከአጀንዳ 1 እስከ 3 የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ እንዲቆጠር፣ ኮሚቴውም እንዲፈርስ ተወሰነ።

ሰብሳቢው ለወ/ሮ ንግሥቴ ክብር ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ባለፈው ሳምንት ጤፍ ሲፈጭ የተላጩት ራስ፣ ከጆሮ እስከ ማጅራት ከተቀደደለት መንገድ ጋር፣ በመስታወቱ ጥርት ብሎ ታየ።

ሥርዓት ማስከበር ስላልተቻለ ስብሰባው ከቀኑ በአሥራ አንድ ሰዓት በሳቅ ተበተነ።