የጋሽ ኃይሉ ቁም ሳጥን

ዱራችን የት ገባ ብላችሁ የምትጨነቁ ሰዎች፣ እስቲ መኝታ ቤታችሁን ፈትሹ። ዋንዛው አልጋ ሆኖ ተኝቷል፤ ጥዱ በር ሆኖ ቆሟል፤ ዝግባው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቁልቁል ይታዘበናል። እኛ ደግሞ ጥላው ናፈቀን እንላለን። ሰው ሲባል የሚናፍቀው ቆርጦ የጨረሰውን ነው።

ጎረቤቴ ማቴዎስ እዚህ ሐዋሳ ጊታር ይሠራል። ያለ ፈቃድ የተቆረጠ ዋንዛ በርካሽ ሲያመጡለት፣ «የተሰረቀ ዛፍ ዘፈን አይወጣውም» ብሎ ይመልሳል። የሚሠራው ከአሮጌ የቤት ዕቃ ብቻ ነው። መልካም ነው፤ ችግሩ ግን አሮጌ ዕቃ ባየ ቁጥር በጣቱ አንኳኩቶ ጆሮውን መለጠፉ ነው። ሰው ቤት ምሳ ተጠርተን የባለቤቶቹን ቡፌ ሲያንኳኳ ስንቴ አንገቴን ደፋሁ!

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ይኖሩ የነበሩት ጋሽ ኃይሉ ያረፉ ጊዜ አብረን ለቅሶ ደረስን። ለለቀስተኛ ቦታ እንዲለቀቅ ትልቁ የዋንዛ ቁም ሳጥናቸው በረንዳ ላይ ወጥቶ ነበር። ለአፍታ ዞር ብዬ ስመለስ፣ ማቴዎስ ጆሮውን ከሳጥኑ በር ላይ ለጥፏል። ባለቤታቸው እትዬ ሸዋዬ ደግሞ ከኋላው ቆመዋል።

«አንተ፣ ምን ታንኳኳለህ? ከውስጥ ‹ማነው?› የሚልህ የለም።»

«ይቅር ይበሉኝ እትዬ። እንዲህ ያለ ድምፅ ዕድሜዬን ሙሉ ስፈልግ ነው የኖርኩት።»

ዓመት አልፎ ልጆቻቸው የሚያብረቀርቅ አዲስ ቁም ሳጥን ሲገዙላቸው፣ እትዬ ሸዋዬ ማቴዎስን አስጠሩት።

«ማገዶ ከሚሆን አንተ ውሰደው። ጊታር ስታደርገው ግን ሳትጫወትበት መጀመሪያ ለእኔ አሳየኝ።»

ቃሉን ጠበቀ። ወራት ለፍቶበት፣ ክሩን ወጥሮ፣ ሳይቃኘው አቅፎት ሄደ፤ እኔም ተከተልኩ። የእንጨቱን ውጪ አለስልሶ ውስጡን እንደነበረ ትቶት ነበር። እትዬ ሸዋዬ ጊታሩን ተቀብለው ክቡ ቀዳዳ ላይ አፍንጫቸውን ደፉ። ቀና ለማለት ብዙ ቆዩ።

«ካፖርቱ» አሉ። «ናፍታሊኑ፣ ትምባሆው... ኃይሉ እኮ ነው!»

ማቴዎስ እጁን ዘረጋ። «እትዬ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልምታው።»

«ተው ልጄ» አሉ ጊታሩን ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘው። «ድምፁ ሲወጣ ሽታውም አብሮ ይወጣል።»

ዛሬ ጊታሩ አዲሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። ማቴዎስ እሑድ እሑድ እትዬ ሸዋዬን ሊጠይቅ ይሄዳል፤ ሻይ ይቀዱለታል፣ ይመርቁታል፣ ቁልፉን ግን ከአንገታቸው አያወልቁም። እሱም ሲመለስ፣ «ምንም ቢሆን አንድም ዛፍ ያልተበደለበት ጊታር ነው» ይለኛል።

ልክ ነው። ዛፍስ አልተበደለም።