ከእትዬ ቢሆንስ አናት በላይ

ሰው በሚኖርበት ፎቅ ቤት ሁሉ፣ ሊፍት ባይኖር፣ ዘበኛ ባይኖር፣ አንዳንድ ቀን ውሃም ባይኖር፣ «ቢሆንስ?» የምትል አንዲት ሴት ግን አትጠፋም። ግንበኞቹ ቁልፍ ሲያስረክቡ አብረው የሚያስረክቧት ነው የምትመስለው።

አንድ መነጽር ሰሪ በሚኖርበት ሕንፃ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት እትዬ ቢሆንስ ነበሩ። እናት አባታቸው ያወጡላቸው ሌላ ስም አላቸው፤ በዚያ ስም የሚጠራቸው ግን የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ብቻ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከእህታቸው ልጅ ጋር ይኖራሉ። ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀን የዝናብ ልብስ ይዘው ይወጣሉ። ምድጃ አጥፍተው ከወጡ በኋላ ከመንገድ ተመልሰው መጥፋቱን ያያሉ፤ ወርደው ጥቂት እንደሄዱ ደግሞ፣ ምድጃውን ሊያዩ በገቡበት ጊዜ በሩን ክፍት ትተውት እንዳይሆን ብለው እንደገና ይወጣሉ። ሠርግ ቤት ሰው ሁሉ «ሙሽሪት እንዴት አምራለች» ሲል፣ እሳቸው የሚያዩት ከሙሽሪት ራስ በላይ የተንጠለጠለውን ትልቅ መብራት ነው። «ጠርጥር» ብሎ የሚጀምረውን ተረት ሌላው ሰው ለጨዋታ ይተርተዋል፤ እሳቸው ግን ኖረውታል።

አይፈረድባቸውም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው የሰውን ወሬ ከመስመር ወደ መስመር ሲያሻግሩ ነው ያረጁት፤ ከዚያም አንድ ነገር ተምረዋል። ደስታ ቀጠሮ ይዞ ይደውላል፤ ችግር ግን ሰው ጉርሻ ሊያነሣ ሲል ነው የሚደውለው።

ከእሳቸው በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው መነጽር ሰሪ ፍጹም ተቃራኒያቸው ነበር። ቀኑን ሙሉ ሱቁ ውስጥ ሌንስ ሲሞርድ ይውላል፤ እጁ የፀጉር ያህል አይስትም። አፉ ግን ለተጠየቀው ሁሉ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው፤ «ችግር የለም።» ቧንቧው ያንጠባጥባል ሲሉት ችግር የለም። የሚስቱ እናት ለወር ያህል ሊመጡ ነው ሲሉት ችግር የለም። እናትየው ከመጡ በኋላ ችግር እንደነበረ ሚስቱ ታውቃለች።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ያገናኛቸው የዓሣ ገንዳ ነው። በሰፈሩ ባለው ሆቴል የእንግዳ መቀበያ ውስጥ አንድ ትልቅ የባሕር ገንዳ ነበር፤ የጨው ውሃ የሞላው፣ በድንጋዩ ላይ እንደ አበባ የሚከፈቱና የሚከደኑ ኮራሎች የበቀሉበት፣ ቢጫና ብርቱካንማ ዓሦች የሚተራመሱበት። መነጽር ሰሪው በዕረፍት ቀኑ እየሄደ እንደ ልጁ ሲንከባከበው ኖሯል። ሆቴሉ ሊታደስ ሲል ባለቤቱ ጠራውና ገንዳውን ከነነፍሱ እንዲወስደው፣ ካልወሰደው ግን ለዓሦቹ የሚሆን ቦታ እንደሌለው ነገረው። መነጽር ሰሪው ሳያስብ «ችግር የለም» አለ። ገንዳው በሆቴሉ ግንብ ላይ ነበር የተቀመጠው፤ ግንብ ደግሞ ተሸክመው አይሄዱም። ስለዚህ መቆሚያውን ከእንጨት፣ በገዛ እጁ፣ ሳሎኑ ውስጥ ሊሠራ ተነሣ።

መጋዙ መጮህ በጀመረ በማግስቱ እትዬ ቢሆንስ በሩ ላይ ቆመው «ቤቶች» አሉ። ገብተው አራቱን ወፋፍራም ቋሚዎች ዞረው አዩ። የሚሠራው አልጋ መስሏቸው ነበር። መነጽር ሰሪው የዓሣ ገንዳ መቆሚያ መሆኑን አስረዳቸውና፣ ውሃው፣ መስታወቱ፣ አሸዋውና ድንጋዩ ሲደመር የትንሽ መኪና ያህል እንደሚከብድ እየሳቀ ነገራቸው።

እሳቸው አልሳቁም። መጀመሪያ እንጨቱን አዩ፣ ቀጥለው ወለሉን አዩ። ከወለሉ በታች የማን ቤት እንዳለ ለመገመት ብዙ አልተቸገሩም።

«ልጄ፣ እግሩ ቢከፈትስ?» አሉ።

«ችግር የለም እትዬ።»

በማግስቱ መጡ። በሣልስቱም መጡ። እግሮቹ እንዳይከፈቱ ከታች ዙሪያውን አግዳሚ ተመታላቸው። ውሃ ፈሶ እንጨቱ ቢያብጥስ ሲሉ፣ ከውጭም ከውስጥም ቫርኒሽ ተቀባ። አይጥ ቢበላውስ አሉ። ሕንፃው ውስጥ አይጥ ታይቶ አያውቅም፤ «እስካሁን» አሉ እትዬ። አንድ ቀንማ ዓሦቹ እርስ በርስ ተጣልተው መስታወቱን ቢመቱትስ ብለው ጠየቁ። ያን ቀን የመነጽር ሰሪው ሚስት ወጥ ቤት ገብታ ፎጣ አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች።

አንዱ ጥያቄያቸው ግን አላሳቀም። የላይኛው አግዳሚ ከቋሚዎቹ ጎን በብሎን ተይዞ ነበር። እትዬ ጎንበስ ብለው ብሎኖቹን በጣታቸው እየነኩ፣ «እንግዲህ ያን ሁሉ ውሃ የሚሸከሙት እነዚህ ናቸው?» አሉ። መነጽር ሰሪው «ችግር የ...» ብሎ ጀመረና እሱም ጎንበስ ብሎ ብሎኖቹን አየ። እውነታቸውን ነው። እንጨቱ ሁሉ ለወጉ ቆሞ፣ ክብደቱ በሙሉ ያረፈው ጥቂት ብሎኖች ላይ ነበር። እሳቸው ከወረዱ በኋላ ብሎኖቹን ፈታ። የቋሚዎቹን አናት በመጋዝ ጎርዶ አግዳሚው በላያቸው እንዲቀመጥ አደረገ፤ እንጨት በእንጨት ላይ፣ ሸክም በእግር ላይ። ኮላውን ቀባ፣ ብሎኑን መልሶ አሰረ፤ አሁን ብሎኑ የሚይዘው እንጨቶቹ እንዳይለያዩ ብቻ ነው። ለሚስቱ ግን ይህን የማን ጥያቄ እንዳስደረገው አልነገራትም። ወንድ ልጅ አንዳንድ ነገር በሆዱ ይይዛል።

መቆሚያው ሲያልቅ እትዬ ቢሆንስ እንዲፈተን አዘዙ። ቅዳሜ ከሰዓት የሕንፃው ነዋሪ ተጠራ። ፀጉር አስተካካዩ መጣ፤ አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ታክሲ ነጂ መጣ፤ ግዙፏ ልብስ ሰፊ ከነባሏ መጣች። ወንበር እየተረገጠ ተወጣና አምስት ስድስት ጎልማሳ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተቃቅፎ ከላይ በተነጠፈው ጣውላ ላይ ቆመ። ክብርት እትዬ ቢሆንስ ከታች ሆነው ትንሽ እንዲወዛወዙ አዘዙ። ተወዛወዙ። ሲጢጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። ኋላ ቢጣራ የታክሲ ነጂው ጫማ ኖሯል።

«አንተ ድልድይ ነው እንዴ የሠራኸው?» አለች የመነጽር ሰሪው ሚስት፣ ባሏን በኩራት እያየች።

ሕዝቡ አጨብጭቦ ወረደ። እትዬ ቢሆንስ ግን አላጨበጨቡም።

«ሰው እኮ ሲደክመው ይወርዳል» አሉ ቀስ ብለው። «ውሃ አይወርድም።»

ክርክር የለውም። ስለዚህ ውሃ የሞሉ ጀሪካኖች ጣውላው ላይ ተደርድረው ሰነበቱ። መነጽር ሰሪው ከሥራ ሲገባ ከሚስቱ በፊት የሚሄደው ወደ ውሃ ልኩ ሆነ፤ ጣውላው ላይ ያስቀምጠውና አረፋዋ መሐል ላይ መሆኗን ያያል። መሐል ላይ ናት። መቆሚያው ሸክሙን እንደ ትራስ አቅልሎ ነው የያዘው።

ይሄኔ ነው እትዬ የመጨረሻውን ጥያቄ ያመጡት፤ መቆሚያው ቻለ እንበል፣ ወለሉስ? መነጽር ሰሪው እንደ ልማዱ ችግር የለም አለ። ከየት እንዳወቀ ጠየቁት። አያውቅም ነበር። እሳቸው ክርክር አይወዱም፤ በማግስቱ የሕንፃ መሐንዲስ የሆነውን የወንድማቸውን ልጅ ይዘው መጡ። መሐንዲሱ ግድግዳውን እየኳኳ፣ ሜትሩን እየዘረጋ፣ ላይ ታች ሲል ቆየና ገንዳው በመስኮቱ በኩል ከሚቀመጥ በውስጠኛው ግድግዳ በኩል ቢሆን እንደሚሻል ተናገረ። በዚያ በኩል ከወለሉ ሥር ወፍራም የኮንክሪት ምሰሶ አግድም አልፏል፤ እንኳን አንድ፣ ሁለት ገንዳም ይችላል።

«ምሰሶው ከታች በየት በኩል ነው የሚያልፈው?» አሉ እትዬ።

መሐንዲሱ አክስቱን ማየት አፍሮ ጣሪያ ጣሪያ አየ። ምሰሶው የሚያልፈው ልክ በአልጋቸው ላይ ነው።

 መነጽር ሰሪው ነገሩ እዚሁ ያበቃ መሰለው። በልቡ ዓሦቹን መሰናበት ጀመረ። አልጋቸውን እሱ ራሱ ወደ ሌላ ክፍል ሊያዛውርላቸው ቃል ገባ፤ ሌላው ክፍል ነፋስ ቢገባበትስ አሉ። እንግዲያው ገንዳውን ልተወው አለ። እትዬ መቆሚያውን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«ምሰሶ ካለበት፣ ምሰሶው ላይ ነው የሚቀመጠው» አሉና ወረዱ።

ገንዳው የሚገባበት ቅዳሜ ደረሰ። በማለዳ መስታወቱ በስድስት ሰው ትከሻ ደረጃውን ወጣ፤ ስፖንጅ በተነጠፈበት ጣውላ ላይም ተቀመጠ። ዓሦቹና ኮራሎቹ ክዳን ባላቸው ባልዲዎች ውስጥ ሆነው ሆቴሉ ቀርተዋል። ትንንሽ ፓምፖች አየር ይነፉላቸዋል፤ የመነጽር ሰሪው ሚስት አጠገባቸው ተቀምጣለች። እስከ ማታ ይችላሉ፣ ከዚያ በላይ ግን አይችሉም። መነጽር ሰሪው በርሜል ውስጥ በጥብጦ ያሳደረውን የጨው ውሃ በፓምፕ መሙላት ጀመረ።

ውሃው እስከ ሩብ ደረሰ፤ ደህና ነው። እስከ እኩሌታ ሲደርስ መነጽር ሰሪው ሳይታወቀው ጥርሱን ነክሷል። ፍሪጁ ሲንገጫገጭ ደነገጠ። ጎረቤት በር ሲዘጋ ደነገጠ። ተንበርክኮ ጆሮውን መቆሚያው ላይ ለጠፈ። ቢከፈትስ፣ ቢያብጥስ፣ ቢላቀቅስ። ያን ሁሉ ቀን ሲሰማው የኖረው ጥያቄ፣ «ችግር የለም» እያለ ወደ ውጭ የመለሰው ሁሉ፣ ለካ ወጥቶ አልሄደም፤ ውስጡ ተጠራቅሞ ነበር። ምሰሶው ካላለፈስ? መሐንዲሱ ተሳስቶ ቢሆንስ? ከታች እኮ ሰው አለ። ፓምፑን አጠፋው። 

ስልኩ ጮኸ። ሚስቱ ናት። አንደኛው ዓሣ ፈዘዝ ብሏል፣ መምጣት እንችላለን ወይ አለች። ትንሽ ቆዪ አላት፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገራትም።

በነጠላ ጫማው ደረጃውን ወረደ። ያሰበው እትዬን ለምኖ፣ ገንዳው ሞልቶ ደህንነቱ እስኪታይ ድረስ ከቤት እንዲወጡ ማድረግ ነው። ቢቆጡት ይቆጡ። በሩን አንኳኳ። የእህታቸው ልጅ ከፈተችለትና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

«ተኝታለች» አለች በሹክሹክታ።

«የት?» አለ።

ልጅቷ ገርበብ ያለውን የመኝታ ቤት በር አሳየችው። እትዬ ቢሆንስ ከምሰሶው ሥር፣ ከገንዳው ሥር፣ ከግማሽ ባሕር ሥር ተጋድመዋል። ጫማቸው አልጋው ግርጌ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ስበው፣ አፋቸውን ገርበብ አድርገው ያንኮራፋሉ። የማስመሰል አይደለም፤ የደከመው ሰው የልብ እንቅልፍ ነው።

«ቀን ተኝታ አታውቅም እኮ» አለች ልጅቷ። «ሊመጣ ይችላል፣ ከመጣ እንዲህ በይው ብላኛለች።»

«ምን?»

«‹የምጠይቀውን ሁሉ ጠይቄ ጨርሻለሁ። ሙላው።›»

መነጽር ሰሪው በሩ ላይ እንደ ቆመ ቀረ። እንቅልፍ የሚነሣው ብዙ መጠየቅ ይመስለው ነበር። ለካ እሳቸው የጠየቁት ሊተኙ ኖሯል። ይህ መቆሚያ ሲሠራ ከዓይናቸው ያመለጠች አንዲት ብሎን፣ አንዲት ጠብታ ኮላ የለችም። በሕንፃው ውስጥ ሥራውን ከልቡ ያየለት ሌላ ሰው ማን አለ? ሌላው አጨብጭቦ ነው የሄደው። የሠራውን ሥራ አምኖ ከሥሩ የተኛለት ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ወጥቶ ፓምፑን አበራው። ለሚስቱ ደውሎ ኑ አላት። ውሃው ከእኩሌታ አለፈ፣ ወደ ላይ ወጣ፣ ከመስታወቱ አፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ቆመ። ፓምፑ ዝም ሲል ቤቱም ዝም አለ። አንዲት እንጨት አልተንቀሳቀሰችም። ውሃ ልኩን አስቀመጠ፤ አረፋዋ መሐል ላይ ረግታ ቆመች። ያኔ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ እግሩን ዘረጋ፤ ጀርባውን ከነሙሉ ክብደቱ መቆሚያው ላይ ጣለና ከሆዱ ሥር የወጣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ።

ሚስቱና ታክሲ ነጂው ባልዲዎቹን ይዘው ሲገቡ እንደዚያው ተደግፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አገኙት። ሚስቱ ክው ብላ ምን እንደሆነ ጠየቀችው። ምንም እንዳልሆነ ነገራት። ፊቱን አይታ አመነችው፤ ፊቱ ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ እንዲህ ተፈትቶ አያውቅም። ታክሲ ነጂው «እንግዲህ እናውርዳቸው» ብሎ ትልቁን ባልዲ ወለሉ ላይ ሊያሳርፈው ሲል መነጽር ሰሪው ዘሎ ተነሣና ክንዱን ያዘው።

«ቀስ በል እባክህ» አለ። «እትዬ ተኝተዋል።»

ሦስቱም ተያዩ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና፣ በካልሲ፣ በጣታቸው እየረገጡ፣ ዓሦቹን አንድ በአንድ ወደ ውሃው መልቀቅ ጀመሩ።