አቶ አንለይ ማረው ቀሚስ ለብሰው ዳልቻን ያለቡበት ዜና

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም፣ አሐዱ አምላክ፣ አሜን። በ፲፱፻፶፩ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ሉቃስ፣ በወርኃ ጥቅምት፣ የርብ ውኃ ከፎገራ ሜዳ በሸሸ ጊዜ፣ ዳልቻ የተባለችው ላም በበረቱ ላይ በነገሠች በሦስተኛው ዓመት፣ በሬ ጠማጁ፣ ጓያ ዘሪው፣ የወረታው ጌታ አቶ አንለይ ማረው የሠሩት ጀብዱ ይህ ነው፤ የሚንቅ ካለ ወተት አያግኝ።

ወእምዝ ባለቤታቸው ወይዘሮ ይርገዱ ሴት ልጅ ተገላግለው አራስ ሆኑ። ዳልቻም ከእርሳቸው እጅ በቀር አታውቅም ነበርና፣ ሌላ በቀረባት ቁጥር እየረገጠች ማለቢያውን ቅል ሰበረች፣ ጎረቤቱን ደሳለውንም ጭቃ ላይ ዘረረች። ወተት ቢጠፋ ቅቤ ጠፋ፤ ቅቤ ቢጠፋ የአራሲቱ ገንፎ ደረቁን ቀረበ። አማት ከይፋግ መጥተው ያን ገንፎ አዩ፤ አይተውም ወደ አንለይ ገፉት። እንዲህ ያለ ግፊያ በጠላትም አይድረስ። አንለይ ግን ሚስታቸውን ይወዱ ነበርና፣ ከውርደቱ ይልቅ የአራሲቱ ጉሮሮ አንጀታቸውን በላው።

ስለዚህ ክተት አሉ። በቀኝ መሪጌታ ገብረ ሐና ጠበል ይዘው፣ በግራ ደሳለው እያነከሱ ጠፍር ይዘው፣ በደጀን አማት ምላሳቸውን ይዘው ዘመቱ፤ ውሻውም ምንም ሳይዝ ተከተለ። ጠበሉ ቢረጭ መሪጌታውን ረገጠች፤ በጠፍር ብትታሰር ጠፍሩን በጠሰች። አገሩም ዛር ሰፍሮባታል ብሎ ፈረደ።

በዚያን ጊዜ ደስታ የሚሉትን የከብት በሽታ ሊከትቡ የመጡት የከብት ሐኪም አቶ ቢሻው ደረሱ፤ ጡቷን ዳሰው፣ ጥርሷን አይተው፣ ማን ያልባት እንደነበር ጠይቀው ሲያበቁ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦

«ላሚቱ ዛርም ሕመምም የለባትም፤ ያልለመደችውን ሰው ፈርታ ነው። የምታምነው የወይዘሮ ይርገዱን ጠረን ነውና፣ የሚያልባት ሰው ያልታጠበ ቀሚሳቸውን ይልበስ። ዱላ አይያዝ፤ በለሆሳስም ያናግራት።»

ሰፈሩ ወደ አንለይ ዞረ። የፎገራ ወንድ በቀሚስ ታይቶ አይታወቅም። አንለይ ግን ቀሚሱን ከሱሪያቸው በላይ ደርበው፣ ጢማቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ በሕዝቡ መካከል አልፈው፣ ዳልቻን እመቤቴ እያሉ ከጎኗ ቁጢጥ አሉ። አሸተተቻቸው፤ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ወተቱም ወረደ። አራሲቱ በቅቤ የራሰ ገንፎ በሉ፤ አማትም ጣታቸውን ላሱ።

እንዲህም ሆኖ ሕፃኗ ክርስትና እስክትነሣ ድረስ አንለይ ጧትና ማታ በዚያው ቀሚስ አለቡ። በክርስትናው ማግስት ወይዘሮ ይርገዱ ቀሚሳቸውን ተረክበው፣ አጥበው ለብሰውም ወደ በረት ቢወርዱ፣ የለመደችው የአንለይ ላብ ከቀሚሱ ታጥቦ ኖሯልና ዳልቻ እመቤቲቱን ከነቅላቸው እበት ላይ አስቀመጠቻቸው። እርሳቸውም ከተቀመጡበት ሳይነሡ አወጁ፦

«ያገር ሰው ስማ። ከዛሬ ጀምሮ በረቱን ለባለቤቴ ሰጥቻለሁ። ቀሚሱንም እርሳቸው ይልበሱት፤ ለእኔ ሌላ ይግዙልኝ።»

ክብር ለአንለይ ይሁን፤ ላም የገራ፣ አማት ያስደሰተ፣ ቀሚስ ያላሸነፈው ጀግና! ዝናቸው አንበሳሜ ድረስ ተሰማ። በገበያው ወንዶቹ ሳቁ፤ ሴቶቹ ግን አልሳቁም፤ እያንዳንዷ ዞር ብላ የባሏን ቁመት በዓይኗ ለካች።