ለባዳ የማትዳር ጆግ

ትናንት ሌሊት በሕልሜ ለጁስ መፍጫዬ ሞተር ሚስት ልጠይቅ ሽማግሌ ሆኜ ሄድኩ።

ነገሩ በእውን የጀመረ ነው። እኔና ባለቤቴ እታገኝ ሐዋሳ ላይ አንዲት ጁስ ቤት አለችን። ባለፈው ሳምንት የመፍጫው ጆግ ተሰነጠቀ። ሞተሩ ደህና ነው፤ ግን ከተማውን ሙሉ ብዞር የሚገጥመው ጆግ ጠፋ። አቮካዶው ቤት ውስጥ እየበሰለ፣ እኔ ባዶ እጄን ስመለስ ሰነበትኩ።

በሕልሜ ሦስት ነበርን። እኔ፣ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው አቶ ወልደሰንበት፣ ሦስተኛው ደግሞ አቮካዶ ነበር። ጋቢ ለብሷል። እየጠቆረ ስለነበር "ቶሎ በሉ፣ እኔ ጊዜ የለኝም" እያለ መንገዱን ሁሉ ጨቀጨቀን።

የጆጓ አባት መፍጫውን የሸጠልኝ ነጋዴ፣ አቶ ጌታሰው ሆኖ አገኘሁት። ሳሎኑ በወንበር ተሞልቷል፤ ተቀመጡ ግን አላለንም።

"ወንበሮቹ ለእናንተ አይሆኑም" አለ። "ለቤተሰቡ መቀመጫ ብቻ ነው የተሠሩት።"

አቶ ወልደሰንበት ሰረቅ አድርጎ ሊቀመጥ ሞከረ። ወንበሩ አሸተተውና ተነስቶ ሌላ ክፍል ገባ።

እንደቆምን ጉዳያችንን ተናገርን። "ልጅዎን ለሞተራችን ብለን ነው የመጣነው" አልኩ። "ታታሪ ነው። አይጠጣም፣ ያጠጣል።"

"ዘሩስ?"

ለዚህስ ተዘጋጅቼበት ነበር። "እስከ ሰባት ቤት ቆጥረናል፤ የትም አይገናኙም" አልኩ በኩራት።

አቶ ጌታሰው በጥርጣሬ አየኝ።

"ካልተገናኙማ ምን አመጣችሁ? እኛ ለባዳ አንሰጥም። ልጃችን የምትዳረው ለወንድሟ ብቻ ነው።"

"ይሄ ነውር አይደለም እንዴ?"

"ነውር አይደለም፤ ዋስትና ነው።"

ጆጓ ነጠላዋን ተከናንባ ብቅ አለች። እታገኝ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ አጠገቤ ቆማ "ሥሯን እየው" ብላ በጆሮዬ አንሾካሾከች። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከጆጓ ሥር የስንዴ ፍሬ የምታህል ጥርስ በቅላለች።

"ይቺ ጥርስ ምን ትሠራለች?" አልኩ።

"ትጠብቃለች" አለ አቶ ጌታሰው።

"ከምን?"

"ከእናንተ።"

የጠረጠርኩትም ይህንኑ ነበር። አትፈጭ፣ ውሃ አትይዝ፤ ሥራዋ መከልከል ብቻ። ይህን ጮክ ብዬ ስናገር የቤቱ ዕቃ ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ።

"አንተስ?" አለ አቶ ጌታሰው። "ለሚስትህ የተሠራህ ነህ?"

የጆጓ ዘመዶች ተሰብስበው ገልብጠውኝ ውስጥ እግሬን መረመሩ። ባዶ ነው። የእታገኝን አዩ። ተረከዟ ላይ ያችው ጥርስ ተገኘች።

እታገኝ እንደማታውቀው ሰው ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ገጠምክልኝ?" አለች። "ማን አስተካከለህ?"

"ማንም። ዝም ብለን ኖርን እንጂ።"

"ዝም ብሎ የሚገጥም ነገር የለም" አለ አቶ ጌታሰው።

የእታገኝን እጅ ይዘው ወደ ጓዳ ይወስዷት ጀመር። የሚገጥማት ባል እዚያ ካርቶን ውስጥ እየጠበቃት ነው ተባለ። ፊቷን አዙራ ታየኛለች፤ እግሯ ግን ይታዘዝላቸዋል። ልጣራ አፌን ብከፍት ድምፄ አልወጣ አለ።

"ጉሮሮህም የእነሱ ነው" አለኝ አቮካዶው፤ ጋቢውን ተከናንቦ ጋደም አለ።

እታገኝ ትከሻዬን ስትነቀንቀኝ ነቃሁ። ነግቷል። እጇን አጥብቄ ያዝኩት። በሌላው እጇ ስልክ ይዛለች።

"ከሱቁ ደወሉ። ጆጉ ተገኘ" አለች።

"ተመስገን።"

"ለብቻው አይሸጥም ግን። ከነሞተሩ ነው።"

"የእኛ ሞተር እኮ ደህና ነው።"

"እኔም ብያቸዋለሁ። እሱን እንገዛችኋለን አሉ፤ በኪሎ።"